ለሽኮኮ የሚሆን ጠመንጃ

አማቴ ግራዝማች ዘነበ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር አንድ ቀን እንኳ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። ከእኔ ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው የአምስት ዓመት ልጄን ሀረገወይንን ይልኩብኛል። እኔ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበታችን ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው፣ «ሀረጌ፣ አባትሽን ቴሌቪዥኑን ቀንስ በይው» ይላሉ። ልጅቷ ከሥዕሏ ቀና ሳትል «ሂ ኸርድ ዩ፣ ግራንድፓ» ትላቸዋለች። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ መልእክቱ ደረሰ ብለው ይረጋጋሉ። እኔም ቴሌቪዥኑን እቀንሳለሁ፤ ደሜ ግን ይፈላል።

ልጅቷ ከሌለች ደግሞ ስሜ «ሰውዬው» ነው። «ሰውዬው መጣ?» «ሰውዬው በላ?» እያሉ ባለቤቴን ውብዳርን ይጠይቋታል። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ስጎትት ውዬ፣ ሁለት ሰዓት በትራፊክ ተጠብሼ ሳን ሆሴ የምገባው እኔ፣ በገዛ ቤቴ ሰውዬው!

ጥፋቴን አልክድም። ውብዳርን ያገባኋት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ካርቱም ላይ፣ ስደት ላይ ሳለን ነው። ወረቀታችን በአንድ ፋይል እንዲሆን ተብሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጋባን። አባቷ ያኔ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ሽማግሌ አልላክሁባቸውም። እንዴት ብዬ ልላክ? ግራዝማች ግን ይህን ምክንያት አይሰሙም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነው የሚሉት። እነሆ ስድስት ዓመት ሆነን፤ አልተፈታም። እሳቸው ግን አሁንም የሚጠብቁ ይመስለኛል።

እኔ ደግሞ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ልጄ እንዲሉኝ። ልጄ ከከበዳቸው እምሩ ይበሉኝ፤ የወጣልኝ ስም እሱ ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ ይህን ያህል መመኘቴ ያሳፍረኝ ነበር፤ ቢሆንም እመኝ ነበር።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ግራዝማች በሃያ አራት ዓመታቸው፣ ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ከቁመታቸው የማይተናነስ ጠመንጃ ተደግፈው። ቤታችን የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ለፎቶው እጅ ይነሳል፣ ቀጥሎ ለእሳቸው፣ በመጨረሻ ጊዜ ከተረፈው ለእኔ። የአንበሳ ገዳይ ቤት ነዋ! ስለ አደኑ ሲጠየቁ ግን «ድሮ ነው፣ ተዉት» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። እኛም ይህን ከትልቅነታቸው ቆጠርንላቸው።

በ1986 እኔና ጋሻው በርበሬ ተከልን። ጋሻው በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ ኢንጂነር ነው፤ ኩፐርቲኖ ውስጥ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በእጁ አፈር ነክቶ አያውቅም። ከሳን ሆሴ በስተደቡብ ሚስስ ሲልቫ ከሚባሉ ፖርቱጋላዊ ዘር ካላቸው ባልቴት ቁራሽ መሬት ተከራየን። በርበሬው ሰው አስቀና። ነሐሴ ላይ ፍሬው መቅላት ሲጀምር ሽኮኮዎቹ መጡ።

ሽኮኮ ስል የአገራችንን የገደል ሽኮኮ አይደለም። ይሄኛው ጉድጓድ ቆፍሮ ከመሬት በታች የሚኖር፣ ጭራው እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ የጎፈረ፣ ሲበላ በሁለት እግሩ ቆሞ ዓይን ዓይንህን የሚያይ ባለጌ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ለቀቅንበት፤ በሌላ ቀዳዳ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። የጋሻውን አሮጌ ሱፍ ለእንጨት አልብሰን ማስፈራሪያ ተከልን፤ ትከሻው ላይ ወጥተው ማሳውን ቃኙበት። ጋሻው «ለኢንተርቪው የገዛሁት ኮት ነበር» እያለ አዘነ። በሳምንት ውስጥ ሁለት ሙሉ መደብ ጨረሱብን።

ሚስስ ሲልቫ ለውሾቻቸው ስለሚሰጉ መርዝ አይፈቅዱም። «ባሌ በሕይወት ሳለ በጠመንጃ ነበር የሚጠብቃቸው» አሉን። «ከማሳው ጀርባ ኮረብታ አለ፤ ጥይቱ የትም አይሄድም። ወደ ፈረሶቼ ብቻ እንዳታዞሩ።»

ጠመንጃ! ይህን ቃል ሐበሻ መሐል ጣልና ተመልከት። ቅዳሜ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ባለች የሐበሻ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ዓባይነህ ወደብ ላይ አብሮኝ የሚነዳ፣ አያቱ ሽፍታ እንደነበሩ በየሳምንቱ የሚያስታውሰን ሰው ነው። ጉርሻውን ሳይውጥ ፈረደ።

«ምን ያወያያል? ተርቲ ኦት ሲክስ ነው! ድብ ይጥላል፣ ኤልክ የሚሉትን ትልቅ አጋዘን ይጥላል። ሽኮኮ ምን ይሳነዋል?»

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አለ ጋሻው፤ ከሥራ ቦታው ፕሪንት አድርጎ ያመጣውን ዳርና ዳሩ የተበሳሳ ረጅም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ቬሎሲቲውን ካልኩሌት አድርጌዋለሁ። ትዌንቲ ቱ ቱ ፊፍቲ የሚባል አለ፤ በሦስት መቶ ያርድ ጥይቱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ተመልከቱ።»

«ማሳችን ሦስት መቶ ያርድ ይሆናል እንዴ?» አልኩት።

«አይሆንም። ኤክስፓንድ ብናደርግስ?»

ዓባይነህ የአያቱን ምንሽር አነሳ፣ ጋሻው የንፋስ ግፊት አነሳ፣ ከሌላ ጠረጴዛ የማናውቀው ሰው ተነስቶ አልቤን የሚያህል የለም ብሎ ሄደ። እኔ አንዳቸውንም አልሰማሁም። በልቤ የማየው የአማቴን ፎቶግራፍ ነበር። ግራዝማችን ለአደን ልጋብዛቸው ቆርጫለሁ። ጎፈር ለጫነ ሰው የሕፃን መጫወቻ የሚመስል ቀጭን ጠመንጃ እንዴት ይሰጣል? ትልቁን ገዝቼ ፊታቸው ባኖረው፣ የወግ ሰው መሆኔን ያዩልኛል አልኩ። በማግሥቱ ካምቤል ወዳለ ጠመንጃ ቤት ሄድኩ።

ሻጩ ዋልተር የሚባል ጸጉሩ የነጣ ሽማግሌ ነው፤ የተሰበረውን የመነጽሩን እጀታ በፕላስተር አጣብቆታል። ተርቲ ኦት ሲክስ ስለው «ምን ልታድንበት ነው?» አለኝ።

«ሽኮኮ።»

«ከዚህ እስከ ሳክራሜንቶ ያለውን በአንድ ጊዜ?»

ቀጥሎ ብዙ ለፋብኝ። ማሳው ስንት ያርድ ነው አለ፤ አላውቅም አልኩ። ጎረቤት አለ ወይ አለ፤ ምን አገባህ ልለው ምንም አልቀረኝም። ትንንሾቹን አንድ ባንድ አወጣልኝ፤ መልስ አልኩት። የማን አማች እንደሆንኩ ምን ያውቃል! ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለውን ተረት አያውቅም፤ ያደረገው ግን ልክ እንዲሁ ነው። ፎርሙን አስሞልቶ፣ የራሴን ሰብል ስለምጠብቅ የአደን ላይሰንስ እንደማያስፈልገኝ ነግሮ፣ ፈገግ እያለ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ጠመንጃውን በሁለት እጄ ለግራዝማች አቀረብኩ። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ሲበራ አየሁ። መቀባበያውን ከፍተው ባዶ መሆኑን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙረው በውስጡ ብርሃኑን አዩ። ከዚያ ለልጅቷ፦

«ሀረጌ፣ አባትሽን ጠይቂው። ምን ሊገድልበት ነው?»

«ሽኮኮ ነው፣ ግራዝማች» አልኩ ፈጥኜ፤ «እርስዎ እንዲመሩን ብዬ ነው።»

ፊታቸው ዳመነ። ጠመንጃውን ሶፋው ላይ አጋድመው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ለእራትም አልወጡም። ውብዳር «ምን አልካቸው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እኔ ምን አልኩ! አንበሳ የገደለ ሰው ለሽኮኮ በመጠራቱ ተናቅሁ ብሏል አልኩ በልቤ፤ ከዚያ በላይ ግን እኔ ነበርኩ የተናቅኩት። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ደጃቸው ላይ እንደተመለስኩ ቆጠርኩት፤ በጣም ከፋኝ።

በንዴት የተነሳ ሰው ደግሞ ኢላማ አይመታም። ቅዳሜ ከጋሻው ጋር ማሳው ላይ ተጋደምኩ። አንድ የሰባ ሽኮኮ የጉድጓዱ አፈር ክምር ላይ ቆሞ የእኔን በርበሬ ሲቆረጥም አየሁት፤ ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ሳላጠብቅ ምላጩን ሳብኩ። የተኮስኩት እኔ፣ የወደቅኩትም እኔ። ዓይኔን ስገልጥ የአፈር ክምሩ የለም። አራት እግር በርበሬ የለም። የማስፈራሪያው የሱፉ ግራ እጅጌ የለም። ሽኮኮው ግን ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ከሌላ ጉድጓድ ብቅ አለና አየኝ።

የሚስስ ሲልቫ ፈረሶች አጥራቸውን ጥሰው ወደ መንገድ ወጡ። ጋሻው በቢሮ ጫማው እየተንሸራተተ፣ እኔ አንድ እጄን አንጠልጥዬ፣ ግማሽ ቀን ስንሰበስባቸው ዋልን። ባልቴቷ ጸጉራቸው ላይ ቢጎዲን እንደጠቀለሉ መጡና «ይህን መድፍ ሌላ ቀን ብሰማው ሊዛችሁ እዚያው ላይ ያበቃል» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ቤት ገብቼ ማዕድ ስንቀርብ ቀኝ እጄ አልነሳ አለኝ። ውብዳር ሸሚዜን ገልጣ ስታይ ትከሻዬ ጠቁሯል። «እግዚኦ!» አለች። ግራዝማች ከማዶ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ወደ ኋላ ጣለህ?» አሉ።

ሀረገወይን አፏን ከፍታ ቀረች። «ማሚ! ግራንድፓ ቶክድ ቱ ዳዲ!»

«አዎ» አልኩ፤ «በጀርባዬ።»

ግራዝማች መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ፍርስ ብለው ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ውብዳርም ልጅቷም ተከተሏቸው፤ እኔ ብቻ እንዳኮረፈ ሙሽራ ቁጭ አልኩ። ዓይናቸውን እያበሱ «ሰኞ ሥራ አለህ?» አሉኝ።

«ኦፍ አደርጋለሁ።»

«ማሳውን አሳየኝ። ጠመንጃ ሳይያዝ።»

ሰኞ ጠዋት ታጣፊ ወንበር ይዘን ሄድን። ከማሳው ዳር ባለ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ተቀምጠው ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም አላደረጉም፤ አዩ። ሽኮኮዎቹ ከየትኛው ጉድጓድ ቀድመው እንደሚወጡ፣ የትኛው ዘብ እንደሚቆም፣ ንፋሱ መቼ እንደሚነሳ አዩ። ከዚያ ከዛፉ እስከ ጉድጓዱ በእርምጃ ለኩ፤ መቶ አሥር። ኮረብታውን ወጥተው አፈሩን በከዘራቸው ወጋጉ። የፈረሶቹን አጥር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በጠመንጃ ቤቱ የተጠየቅኩትን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንድ ባንድ መለሱት።

ተመልሰው ሲቀመጡ ድንገት «ማን ነግሮህ ነው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ለሽኮኮ ብለህ ያን የሚያህል ጠመንጃ ፊቴ ያኖርከው። በእኔ ልትሳለቅ መስሎኝ ነበር።»

«ማክበሬ ነበር» አልኩ።

«እንደዚያ መሆኑን ትከሻህን ሳይ አወቅሁ። የሚሳለቅ ሰው ራሱን አያቆስልም።» ከዚያ ማሳውን እያዩ ነገሩኝ። «አዋሽ በረሃ ነበር። የአጎቴን ትልቅ ጠመንጃ ተውሼ ሄድኩ፤ ለስሙ ነዋ። አንበሳው በአርባ እርምጃ ላይ ቆመ። ተኮስኩ፤ በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ጥይቱ ሰማይ ገባ። አንበሳው ሲመጣብኝ ጥሩነህ የሚባል መንገድ መሪያችን በአሮጌ ጠመንጃው ጣለው። ገበሬ ነው። ‹ጎፈሩን አንተ ውሰድ፤ እኔ በሬ ይሻለኛል› አለኝ። በሬ ሰጠሁት። ጎፈሩን ለብሼ ገባሁ፤ ተዘፈነልኝ፤ ፎቶ ተነሳሁ። የውብዳር እናትም ያገባችኝ ያን ሰምታ ነው። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልናገር?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማስተዋል ከየት አመጡት?»

«ከጃርት!» አሉና ፊታቸው በራ። «አርሲ ድንች ነበረኝ፣ ገብስ ነበረኝ። ሃያ ዓመት ከጃርትና ከዝንጀሮ ጋር ስዋጋ ኖርኩ። በትንሽ ጠመንጃ፣ እያንዳንዷን ጥይት ቆጥሬ። ርቀቱን ለክቼ፣ ንፋሱን አይቼ። አንድም አቁስዬ አልለቀቅኩም። በዚያ አገር እንደ እኔ ሰብል የሚጠብቅ አልነበረም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለጃርት ግን ማን ይፎክራል?» አሉ።

በዚያች ሰዓት እኚህን ሰውዬ ወደድኳቸው። ሁለት ዓመት ስፈራቸው ኖሬ በሃያ ደቂቃ ወደድኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ካምቤል ነበርን። ዋልተር ተርቲ ኦት ሲክሱን ሲያይ ከመደርደሪያው ሥር ካርቶኑን አወጣ፤ ተመልሼ እንደምመጣ ስላወቀ ሳይጥለው አስቀምጦት ኖሯል። ከዚያ ጥይቶቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ መስተዋቱ ላይ ደረደረ። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ መሐል ቆምኩ፤ ብዙም አላስፈለግኳቸውም።

ግራዝማች ትንሿን አነሱ። «ይህች እዚያ ስትደርስ ጉልበቷ ያልቃል። አቁስላ ጉድጓድ ታስገባዋለች፤ ነውር ነው።» መለሷት። ሦስተኛዋን አነሱ። «ይህች ልከኛ ናት፤ ጩኸቷ ግን ፈረሶቹን ያስበረግጋል፣ ሴትዮዋን ያስከፋል። እኛ የሰው መሬት ላይ ነን።» መለሷት። ሁለተኛዋን፣ ትዌንቲ ቱ ማግነም የምትባለውን፣ ጫፏ ጎድጎድ ያለችውን ቀጭን ጥይት በጣታቸው መሐል አሽከረከሩ። «ይህች መቶ አሥር እርምጃ በደንብ ትሄዳለች። ስትመታ ትከፈታለች፤ አልፋ አትሄድም። ይህች ናት።» ለዋልተር ሳልተረጉምለት ራሱን ነቀነቀ።

ጠመንጃውን ሲመርጡ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨፍነው ትከሻቸው ላይ ያደርጉና ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ማነጣጠሪያው ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ጋር ካልገጠመ ይመልሱታል። ሰደፉ ለሰውነት መስማማቱ የሚታወቀው እንደዚህ ነው ኖሯል። አራተኛው ላይ ገጠመ፤ በየጥይቱ በእጅ የሚቀባበል፣ ቀለል ያለ ጠመንጃ ነው። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝና «አንተም ጨፍን» አሉኝ። የገጠመው ለእኔም ነው።

ዋልተር መነጽሩን አውልቆ «ለአባትህ ንገራቸው፤ የእኔን ሥራ ከፈለጉ ነገ መጀመር ይችላሉ» አለኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ «ለአባትህ ንገራቸው» የምትለዋን ጭምር። ግራዝማች ሳቁ፤ አላረሙኝም።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት የወረቀት ሳህን ኮረብታው ላይ ሰክተን የጠመንጃውን የማነጣጠሪያ መነጽር አስተካከልን። ከዚያ ግራዝማች አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው አምስት ጊዜ ተኮሱ፤ አምስት ሽኮኮ ወደቀ። ፈረሶቹ ሣራቸውን ይግጣሉ። ሚስስ ሲልቫ በረንዳቸው ላይ ወጥተው እጃቸውን አወዛወዙልን። ግራዝማች ተነሱና ቦታውን ለእኔ ለቀቁ።

«ሰደፉን አጥብቅ። ተንፍስ፤ ግማሹን አስቀረው። ምላጩን አትሳበው፤ እስኪመጣ ጭመቀው።»

የመጀመሪያው ቀን ባለጌ፣ ያ የሰባው፣ ክምሩ ላይ ቆመ። በመነጽሩ ውስጥ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ተነፈስኩ፤ ግማሹን አስቀረሁ፤ ጨመቅኩ። «ጧ» አለ፤ ከዚያ በላይ አልጮኸም። ሽኮኮው ባለበት ክልብስ አለ።

ከኋላዬ ከዘራ ወደ ላይ ተወረወረ። ግራዝማች ነጠላቸውን አደግድገው፣ የሰባ ዓመት ጉልበታቸውን ረስተው፣ በበርበሬው መደብ መሐል ይንጎራደዱ ጀመር።

«ዘራፍ! ዘራፍ የሽኮኮ ገዳይ፣
በርበሬ ጠባቂ በጠራራ ፀሐይ!
ፈረሱ ሳይደነግጥ፣ ባልቴት ሳትቆጣ፣
መቶ አሥር እርምጃ ልኩን ያላጣ!»

ሚስስ ሲልቫ አጨበጨቡ። እኔ ከመሬት ሳልነሳ ሳቅኩ፤ በሕይወቴ ተፎክሮልኝ አያውቅም። ግራዝማች ሲደክማቸው አጠገቤ መጥተው ቁልቁል አዩኝ።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ።

«የምን ሽማግሌ?»

«ልጄን ለመጠየቅ ነዋ!»

«ግራዝማች፣ ካገባኋት ስድስት ዓመት ሆነኝ። ልጅ አለን።»

«አንተ ወሰድካት። እኔ አልሰጠሁህም።»

ሽማግሌ ሦስት ነው። ዓባይነህና ጋሻው እሺ አሉ፤ ችግሩ በሁለቱ መሐል አንድ ሽበት አልነበረም። ሽበት የሌለው ሽማግሌ ደግሞ ምን ሽማግሌ ነው? አስበን አስበን ዋልተርን ጠየቅነው። ነገሩን ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ ሲገባው «ክራቫት ላድርግ?» አለ። ለእንቁጣጣሽ ማግሥት ተቀጠረ። በርበሬውም ደርሷል፤ ከሽኮኮ የተረፈው አሥር ማዳበሪያ ሆነ።

ሽማግሌ በተላከበት ቤት ሚዜ እንኳ አይገኝም፣ አግቢውማ ጨርሶ። ስለዚህ እኔ ኪራዩን ከምከፍለው አፓርትመንት ተባረርኩና በክራቫቴ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውብዳር እንደ ልጃገረድ ጓዳ ተደብቃለች፤ ሳቋ ግን ይሰማል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላ ለብሰው፣ ዋልተርም በክራቫቱ ላይ ደርቦ፣ በወጉ መሠረት መልስ ሳያገኙ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል።

«ዋይ ኣር ዘይ ስታንዲንግ?» ትላለች ሀረገወይን።

ግራዝማች አላዘኑላቸውም። ትውልዴን ጠየቁ፤ ዓባይነህ እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ፣ ሦስቱን ከራሱ ፈጠረ። ጠባዬን ጠየቁ፤ ጋሻው «ቁጡ ነው፣ ልቡ ግን ንጹሕ ነው» አለ። ከዚያ «ሙያውስ?» አሉ።

«በመቶ አሥር እርምጃ ሽኮኮ ይጥላል!» አለ ዓባይነህ፤ ድምፁ እስከ መኪና ማቆሚያው ይሰማል። «ከእርስዎ ከአንበሳ ገዳዩ ጋር ባይተካከልም።»

እኔ ደረጃው ላይ ብድግ አልኩ። ምነው ይህችን ዓባይነህ ባልጨመራት አልኩ፤ ምስጢራቸውን ለማንም፣ ለውብዳርም አልነገርኩም ነበር።

«እኔ» አሉ ግራዝማች ቀስ ብለው፣ «በአርባ እርምጃ አንበሳ ስቻለሁ። አንበሳውን የጣለው ጥሩነህ የሚባል ገበሬ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ሸምግያለሁ፤ ዛሬ የምሰጠው ልጄን ስለሆነ በውሸት ላይ አልሰጥም።»

ጋሻው ለዋልተር በሹክሹክታ ሲተረጉም ሰማሁት። የውብዳር ሳቅ ቆሟል። እንግዲህ ምን ይሉ ይሆን ስል ዋልተር በእንግሊዝኛ «ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን ይስታል» አለ፤ ጋሻውም ተረጎመው። ግራዝማች ሳቁ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ከጓዳ ውብዳር እልል አለች።

«እንግዲህ ልጁ ከእኔ ይሻላል» አሉ። «ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ። የት አለ እሱ?»

«ደረጃ ላይ ነው» አለ ዓባይነህ።

«እምሩ!» ብለው ተጣሩ። ያ ድምፅ ስሜን እንዴት እንደሚጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ልጄ! በገዛ ቤትህ ደጅ ምን ታደርጋለህ? ግባ!»

ክራቫቴን ማስተካከል ጀመርኩ። በሩ ተከፈተና ሀረገወይን ብቅ አለች፤ እንደ ልማዷ መልእክት ልታደርስ ነው።

«ዳዲ፣ ግራንድፓ ሴድ ካም ኢን።»

«ሰምቻቸዋለሁ፣ ሀረጌ» አልኳት፤ ዓይኔን በክራቫቴ ጠርጌ ገባሁ።